ጋቢናው ሰው አለበት

ሐዋሳ፣ ታቦር
ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም.

አፍንጫዋን ከአያቷ፣ ምላሷን ከእኔ ለወረሰችው ለዓይኔ ብርሃን፣ ለሃሴት፤

ከታቦር ተራራ ሥር ከሚገኘው ግቢያችን የተሰጠ አስቸኳይ መግለጫ፦ ባለፈው ማክሰኞ አንድ አባ ኮዳ ከዓሣ ገበያው ተነሥቶ፣ የከተማውን ጣሪያ ሁሉ ንቆ፣ ከልብስ ማስጫችን ገመድ ላይ የቀኝ እግር ካልሲዬን ይዞ ተሰውሯል። ወፉ በካልሲው ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ እየተጣራ ነው። ጎረቤት ሽታው ስቦት ነው ይላል፤ የጠላት ወሬ ነው። የግራው ካልሲ በደኅና ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ ሕዝቡ እንዲረጋጋ እናሳስባለን።

እንዲህ የጀመርኩት ሌላ አጀማመር ስላጣሁ ነው፣ ልጄ። ይህን ስታነቢ የሰፈራችን ልጅ ሸዋንግዛው አጠገብሽ ተቀምጧል። እንዳንቺ ለትምህርት ወደ ሕንድ፣ ወደ ፑኔ እንደሚመጣ ስንሰማ፣ እዚያ ካሉት ያገራችን ልጆች ጋር ሆኖ በማለዳ በርሽን እንዲያንኳኳ፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ ቁጭ አድርጎ መርዶውን እንዲያረዳሽ፣ ደብዳቤዬን ከዚያ በኋላ እንዲሰጥሽ ለመንነው። እንግዲህ አውቀሻል። እማማሽ፣ ሴት አያትሽ፣ የእኔዋ ደብሪቱ፣ ከፋሲካ በፊት በጾሙ አርፋለች።

ለምን ደበቃችሁኝ እንደምትዪ አውቃለሁ። በመጨረሻዋ ሰዓት «ልጄ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት» ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት። የሟች ቃል ነው። ስለዚህ መቆጣት ቢያምርሽ እኔንም አባትሽንም ተይን፤ ከእሷ ጋር ተነጋገሪ።

እሑድ እሑድ ስትደውዪ «እማማ ጸበል ሄዳለች» የሚልሽ አባትሽ ደረሰ ነበር። እኔ ስልኩ ሲጮኽ ጓሮ እገባለሁ። ግን ስንት ጊዜ ጸበል ይኬዳል? አንድ ቀን «እማማ መነኮሰች እንዴ?» ብለሽ ስትስቂ እስከ ጓሮ ተሰማኝ። ደረሰ ስልኩን ዘግቶ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። አርባዋ እንደወጣ መኪናዬን አስነሣሁ።

መኪናዋን ታውቂያታለሽ። ወንበሮቿን ነቅዬ አልጋ፣ ቡታጋዝና የውኃ ጀሪካን ያስገባሁባት አሮጌዋ ሚኒባስ ናት። መጋረጃዋን የሰፋችው እማማሽ ናት። ያን ሁሉ ዘመን ታሪክ ስታስተምር የጢያን ድንጋዮች በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትሥል ነበር እንጂ በዓይኗ አላየቻቸውም። ጢያን፣ መልካ ቁንጡሬን፣ አዲስ አበባ ያለውን ሙዚየም፣ ያስተማረችውን ሁሉ እየነዳን እየተኛን ልናይ ነበር ሚኒባሷን ቤት ያደረግናት።

የእድራችን ዳኛ አቶ ደበሌ በር ላይ ያዘኝ። «ሀዘንተኛ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል እንዴ፣ ሰይፈሚካኤል?»

«የት ጥዬ ሄድኩ? ይዤው እየሄድኩ አይደል!» አልኩትና ማርሽ አስገባሁ።

ቡታጅራ ላይ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አገኘሁ።

«ጢያ ነዎት፣ አባቴ?»

«ነኝ።»

«ምን ዓይነት ታክሲ ነው፣ አልጋ ያለው?»

«አንደኛ ማዕረግ ነው።»

«ኧረ በሞቴ! ሰው ምን ይለኛል? ጋቢና ልቀመጥ።»

«ጋቢናው ሰው አለበት» አልኳት።

አንገቷን አስግጋ አየች። ጋቢናው ላይ የታጠፈ የእማማሽ ነጠላ ብቻ ነበር። ነጠላውን አየች፣ ጥቁር ልብሴን አየች፣ ከዚያ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስትወርድ «ነፍስ ይማር» ብላ ዶሮዋን አቅፋ ሄደች። የሂሳብ ነገር አልተነሣም፤ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሷም አላስታወሰችኝ።

ጢያ የደረስኩት እሑድ ነው። ድንጋዮቹ በቁመት ከእኔ ይበልጣሉ፤ ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል። እማማሽ በጠመኔ የምትሥለው ቁርጥ እሱን ነበር። ይህን እያሰብኩ ስልኬ ጮኸ። ጓሮ የለ፣ የት ልግባ?

«አባባ፣ የት ነዎት?» አልሽ።

«ጢያ።»

«ከማን ጋር?»

አፌ ቀደመኝ። «ከእማማሽ ጋር ነዋ!»

«ጸበሉ ረዳት ማለት ነው! ይስጡኛ!»

«ሰይፎቹን እየቆጠረች ነው። ‹ቁጥሬን የሚያሳስት ተማሪ ወደ ውጭ ይውጣ› ብላለች።»

ትዝ ይልሽ እንደሆነ እልል አልሽ። ስልኩ የተቋረጠው እየሳቅሽ ነው። ከኋላዬ አስጎብኚው ለሰዎች ያስረዳል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ሰው ተቀብሯል ይላል። መቃብር መሐል ቆሜ ነው አለች ያልኩሽ።

ከዚያ በኋላማ ለመድኩት። መልካ ቁንጡሬ ላይ የጥንት ሰው የጠረበውን ድንጋይ አይቼ ስወጣ ደወልሽ። «እማማ ምን አለች?» አልሽኝ። «ይህ ድንጋይ ከአያትሽ ጭንቅላት ይለሰልሳል አለች» አልኩሽ። ትል አልነበር? ቃል በቃል እንደዚያ ትለኝ ነበር። ሃሴት፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ ስትጠይቂ እኔ ስመልስ፣ እሷ ጋቢና ተቀምጣ በመስኮት የምታይ ይመስለኝ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ግን ነጠላው እንደታጠፈ ነው።

አዲስ አበባ ሙዚየም ገብቼ ድንቅነሽ ፊት ቆምኩ። ሰው እንዳለ ረስቼ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ። ጥበቃው ልጅ ሳቀብኝ።

«አባቴ፣ በከንቱ አይልፉ። ዋናዋ እዚህ የለችም፤ ይቺ አምሳያዋ ናት።»

«ሕዝቡ ያውቃል?»

«የጠየቀ ሰው ይነገረዋል።»

«ያልጠየቀስ?»

«ያልጠየቀማ ደስ ብሎት ይሄዳል» አለኝ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እኔስ አምሳያዋን አይደል ስሰጥሽ የከረምኩት? እዚያው እንደተቀመጥኩ ደወልሽ። በዚያን ቀን ቀልድ አልፈለግሽም። «ድምጿን ብቻ ያሰሙኝ፣ አባባ» አልሽ። «ተኝታለች» አልኩሽ። «እሺ» አልሽ። ያ «እሺ» ከጆሮዬ አልወጣም። አንቺ ጠይቀሻል፤ የጠየቀ ሰው ደግሞ ይነገረዋል። መኪናዬን አዙሬ ወደ ሐዋሳ ተመለስኩ።

አሁን ቤት ነኝ። መኪናዋ ከዛፉ ሥር ቆማለች፤ አባ ኮዳዎቹ ነጭ ቀለም እየቀቡልኝ ነው። በእማማሽ መቃብር ላይ ገና ድንጋይ አላቆምንም። ደረሰ ሊያሠራ ነበር፣ ሃሴት ሳትኖር አይሆንም አልኩት። ስትመጪ አብረን እናቆማለን። ሰይፍ አይቀረጽበትም፤ ጠመኔ ይበቃታል።

ልጄ፣ ፈጣሪ ያጽናሽ። በሰው አገር ብቻሽን አታልቅሺ፤ ሸዋንግዛውን ያዢው፣ ልጁ እንባ አይፈራም። የእሷን ዕድሜ ለአንቺ ይጨምርልሽ። ከትምህርትሽ በደኅና ይመልስሽ፣ እኔንም ለዚያ ቀን ያቆየኝ።

ደብዳቤውን ለማሸግ ምራቄን ካዘጋጀሁ በኋላ መልሼ ከፈትኩት። የፈጠርኩት አንድ ነገር አለበት። ካልሲው እውነት ነው፣ እስካሁን አልተገኘም። ባለ ዶሮዋም እውነት ናት። ፈጠራው የእማማሽ ኑዛዜ ነው። «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት» ያልኩት እኔ ነኝ። ደረሰ ሊደውልልሽ ስልኩን አንሥቶ ነበር፤ ከእጁ ቀማሁት። የሞተ ሰው ላይ ስለማትቆጪ ነው በእሷ ያሳበብኩት።

እሷ ያለችው ሌላ ነው። «ሃሴትን ጥሯት፣ ድምጿን ላድምጥ» ነው ያለችው። «ደውላለች፣ እየመጣች ነው» አልኳት። እንደ ሌላ ጊዜ «አንተ ውሸታም!» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ፈገግ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቃሌን አምና የማታውቅ ሴት ያን ቀን አመነችኝ።

አያትሽ
ሰይፈሚካኤል