ከናፍቆትሽና ከአፌ በስተቀር

ይድረስ ለእታለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ከናፍቆትሽና ከአፌ በስተቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ድዴ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቂኝ «ተሽሎኛል» የምልሽ ውሸቴን ነው። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጉንጬ ውስጥ ነጭ ነገር ዳንቴል መስሎ ተዘርግቷል፤ ድዴ ቀልቶ ይላጣል። ሻይ ሳላቀዘቅዝ አልጠጣም። ሎሚማ ገና ስሙ ሲነሳ ያቃጥለኛል።

መጀመሪያ ያሳበብኩት በእስፒል ነበር። ታውቂኝ የለ፣ ሰው ላይ ልብስ ሳስተካክል አራት አምስት እስፒል በከንፈሬ ካልያዝኩ እጄ አይሠራም። ደንበኞቼ ይቺ ልብስ ሰፊ እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ ቃል አይወጣትም ይላሉ፤ አፏ ብረት መሙላቱን ማን አየላት! እናም እስፒሎቹን የእጄ አንጓ ላይ ባሰርኩት ወፍራም ጨርቅ መሰካት ጀመርኩ። ወር ቆየሁ፣ ሁለት ወር ቆየሁ፤ ሕመሙ ወይ ፍንክች።

ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ተመለስኩ። በፊት ስሄድ ከጉንጬ ትንሽ ቆርጣ አስመርምራ ነበርና ካንሰር አለመሆኑን፣ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ግን እየሄደ የሚመለስ በሽታ መሆኑን ነገረችኝ። የሚቀባ መድኃኒትም ጻፈችልኝ። መቼ እንደጀመረኝ ስትጠይቀኝ እማዬ ባረፈች በወሩ አልኳት። ጭንቀት በሽታውን ብቻውን ባያመጣውም እንደሚቀሰቅሰውና እንደሚያባብሰው አስረዳችኝ፤ ከዚያ ቀና ብላ አይታኝ፣ ሐዘኑ ብቻ ነው ወይስ ሌላም የሚያስጨንቅሽ አለ አለችኝ። ሐዘኑ ነው አልኳት። ለሐኪምም ዋሸሁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁት እኔው።

እታለም፣ አንቺ እማዬ ድንገት እንዳረፈች ነው የምታውቂው። ድንገት አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ትልቋን ጥሪልኝ ስትለኝ ነበር። ስልኩ አጠገቤ ነበር፤ አልደወልኩም። አራት ዓመት ሳጥባት፣ ሳጎርሳት የኖርኩት እኔ፤ በመጨረሻ የፈለገችው አንቺን! ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ቀኑ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ማየት ተስኖት ነበር። እጄን ይዛ በአንቺ የቤት ስም ጠራችኝና መጣሽልኝ ወይ አለችኝ። እኔም «አቤት እማዬ፣ መጥቻለሁ» አልኳት። ደስ ሲላት ብታዪ! መረቀችኝ። ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ አልቻለውም። ከዛሬ በኋላ ስልኬን ባታነሺ አልፈርድብሽም። ምርቃቱ ግን ያንቺ ነው፤ ቃል ሳላጎድል ይኸውልሽ። መጨረሻ ላይ ያለውን ልዘለው አስቤ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ አልደብቅሽም።

«መንገድሽ ይቅና። ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። ክፉ አይንካሽ፣ እንጀራሽ አይጉደል። ታናሽሽን አደራ፤ ወጣትነቷን እኔ ላይ ጨረሰችው። አፍ አውጥታ አትናገርም እንጂ ደክሟታል። እሷን ፊት ለፊት ልነግራት አልችልም፣ አለቅሳለሁ፤ አንቺ ንገሪልኝ፣ ከሁላችሁም አብልጬ እወዳታለሁ።»

ታናሽሽ