እጄና የሐያት ሹሩባ

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 1 ሰዓት።

ቅባት። የጥጥ ጓንት። ከላዩ የላስቲክ ጓንት። እንደ ሽንኩርት ተደራርቤ ወደ ሥራ። የቆዳ ሐኪሟ ያለችኝን አንድ በአንድ እያደረግኩ ነው፣ አንቺ ማስታወሻዬ ምስክሬ ነሽ። ሳሙና ቀንሺ አለች፣ ቀነስኩ። ሙቅ ውሃ ተይ፣ ተውኩ። የፀጉር ቀለም እንዳትነኪ፣ እሱንም ለሥራ ባልደረባዬ ለትዕግሥት ተውኩላት። ፀጉር ሠሪ ሆኜ ከዚህ በላይ ምን ልተው? የእጄ ችፌ ግን ንቅንቅ አላለም። የአውራ ጣቴ ስንጥቅ ደግሞ ደማ።

ማታ። አንዷ ደንበኛ እጄን አየችና ትዕግሥት ትሥራኝ አለች። ቸኩያለሁ ብላ ነው። ትዕግሥት እስክትጨርስ ግን ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውሃ መጣ። ብሎኩ በሙሉ ልብስ ያጥባል፣ እኔ በረንዳ ላይ ተጎልቼ አያለሁ። እህቴ ሐያት ባልዲውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሙሽራ ታጥባለች፣ ታላቅ እህት ትቀመጣለች። ያሳፍራል።

ሠርጓ እሁድ፣ ጥር 24። እናታችን ስትሞት ሐያት ገና ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ከእኔ በቀር የነካ የለም። ለሠርጓም እኔው ነኝ የምሠራት፤ ከፊት ደቃቅ ሹሩባ፣ ከኋላ የተለቀቀ። በጓንት አይሆንም፣ ፀጉሩ ይንሸራተታል። እጄ እስከዚያ ይድንልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

እሁድ፣ ጥር 10

የሙሽራው እናት እትዬ ሐዋ ከአቃቂ በሰቃ መጡ፣ ከእህቶቻቸው ጋር። በአንድ ትሪ በላን። በላን ልበል እንጂ፣ እኔ በቆረስኩበት በኩል ማንም እጁን አልሰደደም። ትሪው ሲነሳ የእኔ ጥግ እንዳለ ነበር።

ሲወጡ እትዬ ሐዋ ሐያትን ለብቻዋ ጠየቋት፣ የእጄ ነገር በዘር ነው ወይ ብለው። አይደለም አለቻቸው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ሰማኋት። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም እኮ! ሐኪሟ በአፏ ነው የነገረችኝ። ለማን ለማን ላስረዳ? ደረቴ ላይ ለጥፌ ልዙር?

ረቡዕ፣ ጥር 13

አልሐምዱሊላህ። ሳላክክ አደርኩ። ስንጥቁ ገጥሟል። የሐያት ግንባር ላይ አራት ሹሩባ ሞከርኩ፣ አልደማሁም። ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች። ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው። እሱ ደግሞ ያስጠላል።

ሐሙስ፣ ጥር 21። ከሰዓት 11 ሰዓት።

የሂና ቀን። ቤቱ ሴት በሴት። ለሙሽራዋ ቀይ ሂና፣ ለእኛ ጥቁር። ጥቁሩን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ፤ ፀጉር ቤት ሁሌም እንደምናደርገው የፀጉር ቀለም ዱቄት ጨምሬበት። ቶሎ ይይዛል፣ ይጠቁራል። ትዕግሥት እጄ ላይ አበባ ሣለችልኝ፣ አወፍሪው አልኳት። ጠባሳው ድራሹ ጠፋ።

እትዬ ሐዋ እጄን አንስተው አዩልኝ። ማሻአላህ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የነኩኝ። ደስታዬን እንዴት ልንገርሽ! ትንሽ ያቃጥለኛል፣ ምንም አይደል።

አርብ፣ ጥር 22

ምን አድርጌ ነው። አበባው በሙሉ ውሃ ቋጠረ። ቅጠል ቅጠሉ ሳይቀር። እጄ ሊጥ መስሏል።

ሐኪሟ ጋ ሮጥኩ። ምን ነካሽ አለችኝ። ሂና። ሂናው ውስጥስ ምን አለ? ያኔ ገባኝ። ቀለም አትንኪ ስትለኝ ፀጉር ላይ የሚቀባውን ብቻ ነበር የመሰለኝ፤ ሂና ውስጥ ሲገባ ሂና ነው ብዬ። በገዛ እጄ በጥብጬ በገዛ እጄ! ክኒንና ቅባት አዘዘችልኝ። ለእሁድ ይደርሳል ወይ አልኳት። እጄን ቀስ ብላ በፋሻ መጠቅለል ጀመረች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ጣቴ አይታጠፍም። እስክሪብቶውን በመዳፌ ጨብጬ ነው። ፊደሌን ይቅር በይኝ።

ሐያት ፀጉሬን ሳልሠራ ልሂድ አለች። ሻርፕ አለኝ፣ ከሥሩ ማን ያያል?

«እኔ አያለሁ» አልኳት።

ትዕግሥት ትምጣ። ይህን ከአፌ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

እሁድ፣ ጥር 24። ጠዋት 3 ሰዓት።

ትዕግሥት ከንጋት ጀምሮ እየሠራች ነው። እጇ ጥሩ ነው፣ ምን ይወጣለታል። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እለፈልፋለሁ፤ ከጆሮዋ ኋላ አታጥብቂ፣ እዚያ ያማታል፤ መስመሩን ወደ ግራ። ትዕግሥት እሺ እሺ ትላለች፣ አልሰለቸችኝም። ሐያት ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«ጣትሽን አቁሚው፣ ያምሻል» አለችኝ።

ለካ እኔም ከነጠላዬ ሥር አብሬ እየጎነጎንኩ ነው። ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ በፋሻው ውስጥ። አላወቅኩም። ማቆምም አልቻልኩም። አለቀስኩ፣ በሠርጓ ቀን፣ ፊቷ።

3፡40። አንዲት ሹሩባ ቀረች። ትዕግሥት ወገቧን ልታፍታታ ተነሳች፣ ለዚያ ነው የምጽፍልሽ። ውጭ መኪኖቹ ጥሩምባ ጀምረዋል። ትዕግሥት ተመለሰች። የመጨረሻዋን ጎነጎነች። ጫፏን ልትቋጥር ክሩን አነሳች።

ቆዪ አልኳት። እሱን ለእኔ ተይው። እጅ የለኝም እንጂ ጥርስ አለኝ፤ አንዱን ጫፍ እኔ በጥርሴ፣ ሌላውን ሐያት ራሷ ትሳብልኝ። ሐያት አንገቷን ወደ እኔ ዝቅ አደረገች። አንቺ ማስታወሻዬ፣ እዚህ ቆዪኝ።