ለሐኪሙ ያልነገርኩት የዓይን ጠብታ

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ ጠዋት አፍንጫዬ ደማ። ሸሚዜ ላይ ስለተንጠባጠበ ባለቤቴ የተደባደብኩ መሰላት። "አዎ፣ ሌላኛው ሰውዬ ተኝቶ ቀርቷል" አልኳት።

የበጋው የሣር ቃጠሎ ጭስ አፍንጫዬን ስለዘጋው፣ ሐኪሙ ያዘዘልኝን አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ነርሷ የልጅ ልጄ አሪየት መጥታ "እስቲ አባባ፣ እንዴት እንደምትወስደው አሳየኝ" አለች። ድሮ ሱረት እንደምስበው ቀና ብዬ በኃይል ሳብኩት።

"ኧረ ይሄ ሱረት አይደለም!" ብላ ሳቀች። አንገቴን ጎንበስ አስደረገችኝ። የግራውን ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ የቀኙን በግራ እጅ፣ ጫፉን ወደ ጆሮ በኩል አዙሮ፣ ቀስ ብሎ መሳብ። ለካ እኔ ይህን ሁሉ ቀን የአፍንጫዬን የመሃል ግድግዳ ስደበድብ ኖሬአለሁ።

"ለዓይንህ ግፊት ጠብታ እንደምትጠቀምስ ለሐኪሙ ነግረኸዋል?"

"እሱም ትንሽ ይልፋ ብዬ ተውኩት።"

አሁን አልሳቀችም። የአፍንጫው መድኃኒት ስቴሮይድ ስላለበት፣ ሲቆይ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል አለች። እኔም ቀልዱን ተውኩት። ግራ ዓይኔ ደክሟል፤ ቀኙ ከተከተለው መጽሐፍ ቅዱሴን ማን ያነብልኛል?

በባጃጅ ሄደን ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። አፍንጫዬን አይቶ ቁስሉ እስኪድን መድኃኒቱን አቁም አለኝ። የዓይኔን ግፊት ሐሙስ ይለኩልኛል፤ ይህን ስጽፍም ትንሽ ፈርቻለሁ።

"ሌላ የደበቁት ነገር አለ?" አለኝ ሐኪሙ።

"ዕድሜዬን" አልኩት።

አሪየት ከጎኔ ሆና ዕድሜዬን እስከነወሩ ነገረችው። ከዳተኛ!