ከሸክላው ጀርባ የመጣ ዘፈን

ማክሰኞ፣ ማርች 6፣ 1984
ሃል ከተማ ዛሬም ዝናብ። እማዬ ከዓሣ ፋብሪካው እጇ አብጦ ገባች። ጥብስ ዓሣና ድንች ገዝተን ከነወረቀቱ በላን።

ኮሪን ከስቱዲዮ ደወለች። አልበሟ አንድ ዘፈን ጎድሎታል። "ግሌንዳ፣ ሰዉ እኮ ስለዚያ ዘፈንሽ ደብዳቤ እየጻፈልኝ ነው" አለች። የኔ ዘፈን... አምና ትልቁ ዘፈኗ ሲወጣ የሸክላው ጀርባ ባዶ እንዳይሆን ተብሎ በአንድ ከሰዓት የተቀዳው። "ጨው መስኮቱ ላይ"። ግጥሙም ዜማውም የኔ። ስለ አባቴ። ስለ አባቷም ነው፤ አንድ መርከብ ላይ ነበሩ፣ ባሕር ከዋጣቸው አሥር ዓመት ሆነ። ያን ቀን አንዴ ዘፈነችው፣ አለቀሰች፣ አልደግመውም ብላ ወጣች።

አልበም ውስጥ ይገባ ይሆን? ኧረ ተይ፣ ግሌንዳ። ገና ለገና...

ሐሙስ፣ ማርች 8
ስቱዲዮ ዋልኩ። ኪቦርዴን ሳልሰካ ፕሮዲዩሰሩ ሌናርድ ጀመረኝ።
"ለጀርባ ምንም አይልም። አልበም ላይ ግን... የሚጨፍረውን ሰው ጎትተሽ ለቅሶ ቤት ልታስገቢው ነው?"
"ደብዳቤ የሚጽፉት ታዲያ ምን ነክቷቸው ነው?"
"የጻፈው አርባ ሰው ነው። የሚገዛውስ ስንት ነው?"
ኮሪን ብርቱካኗን ትልጣለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ግድግዳ ለግድግዳ ነው ያደግነው።

ዓርብ፣ ማርች 9
አልደወለችም። እኔም አልደውልም።

ረቡዕ፣ ማርች 14
ገባ! ሊገዙት የነበረው ዘፈን ለሌላ ዘፋኝ ተሰጠ፤ ጊዜ የለም፤ የኔ ገባ። ተመርጦ ሳይሆን ቸግሯቸው። ይሁን። ጀርባ ላይ ከመቅረት ይሻላል።

ለእማዬ ስነግራት የምታጥፈውን ፎጣ አስቀመጠች። "የአባትሽን ስም አገር ምድሩ ሊሰማው ነው?"
"አዎ፣ እማዬ።"
"እንግዲያ የራሴን እገዛለሁ።" በሕይወቷ ሸክላ ገዝታ አታውቅም።

ማክሰኞ፣ ማርች 20
የመጨረሻዎቹን አራት ስንኞች ቆርጠዋቸዋል። መርከቡ፣ ማዕበሉ፣ የአባቶቻችን ስም... የለም። ምን ቀረ? በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴትና ያልተመለሰ ወንድ። ተራ የከዳ ፍቅረኛ ዘፈን!

ሌናርድ መስሎኝ ጮህኩበት። "እኔን ተይኝ፣ እሷን ጠይቂ" አለ።

ኮሪን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታጨሳለች።
"አንቺ ነሽ?"
"እኔ ነኝ።"
"ለምን?"
"አንቺ ጻፍሽው፣ ተገላገልሽ። በየከተማው እየዞርኩ አባቴን በየቀኑ የምቀብረው እኔ ነኝ። አልችልም፣ ግሌንዳ።"
"እንግዲያ ከነጭራሹ ይውጣ!"
"አልበሙ ጎዶሎ ነው አልኩሽ እኮ።"

አዘንኩላት? አዎ... ትንሽ። የራሷ አባት የራሷ ነው። የኔን አባት ግን ማን ፈቀደላት? ጠርታ እንኳ ሳትጠይቀኝ!

ለእማዬ ምን ልበላት?

እሑድ፣ ማርች 25
አልነገርኳትም። ነገ።

ቅዳሜ፣ ጁን 2
ያ "ነገ" ሁለት ወር አለፈው። አልበሙ ወጣ። እማዬ በጠዋት ተሰልፋ ገዛችው። በኔ ማጫወቻ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ መርፌውን ራሷ አነሳችና መልሳ አስጀመረችው።
"ስሙ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቆመው?"
"አውጥተውታል፣ እማዬ።"
"ታውቂ ነበር?"
"አውቅ ነበር።"
ሸክላውን ልባሱ ውስጥ ከተተችና ጓዳ ገባች። ምነው በተቆጣችኝ።

ጋዜጣው ላይ ደግሞ፦ "የመጨረሻው ዘፈን ትርፍራፊ ነው። እዚያው ሸክላ ጀርባ ላይ መቅረት ነበረበት።" ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስድብ ፈልጌለት አጣሁ።

ከሰዓት ኮሪን ደወለች።
"አነበብሽው? እነዚህ ደደቦች!"
"ልክ ናቸው።"
ወሬ ቀየረች።
"ሰኞ መኪናው መጥቶ ይውሰድሽ አይደል? የኮንሰርቱ ጉዞ እኮ..."
"ሌላ ኪቦርድ ተጫዋች ፈልጊ።"
"ግሌንዳ! ለአንድ ዘፈን ብለሽ?"
ዘጋሁት።

እማዬ ከጓዳ፣ "ማን ነው?" አለች።
"ማንም አይደለም" አልኳት።