ማንም አልመታኝም

ውድ እናቴ፣ ሆዮዬ፣

የአላህ ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ቡርኦ ዝናብ ጠገበች ወይ? ግመሎቹስ ወለዱልሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ትራስ ተደግፌ እጽፍልሻለሁ። ስልክ የተውኩት፣ ድምፄን በሰማሽ ቁጥር «ባልሽ አጠገብሽ ቆሞ ነው እንዲህ የሚያስብልሽ» እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ይህን ግን ሮብሌ ያመጣልሻል፤ አሁን አጠገቤ የተቀመጠውም እሱው ወንድሜ እንጂ ባሌ ሊባን አይደለም።

ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ሐርጌሳ የመጣሽ ጊዜ፣ ሴቶቹ ሂና ሲቀቡኝ እጅጌዬ ተሰብስቦ የበለዘውን ክንዴን አየሽ። ሻይሽን ሳትጨርሺ ተነሳሽ። ብዙም ሳይቆይ ሮብሌና አጎቴ ጌዲ ከተፍ አሉ።

ሊባን ከሥራ መግባቱ ነበር። አጎቴ ሰላምታውን እንኳ አልመለሰለትም። «የእኛ ልጅ ከበሮ ናት እንዴ፣ ባሰኘህ ጊዜ የምትደልቃት? ፊቷንም በጥፊ አሳብጠኸዋል!» አለው። ሊባን አንዴ ወደ እኔ አየና ዝም አለ። ዝም ያለው እኔ በቁርአን አስምዬው ነው።

ሆዮ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታምሜያለሁ። መጀመሪያ ድዴ ይደማ ነበር፤ ቀጥሎ እግሬ ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያለ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ። ዶክተር ኡባሕ እንዳለችኝ፣ ደም ሲፈስ የሚያረጉት ፕላትሌት የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ የገዛ ሰውነቴ ጠላት እየመሰሉት ይፈጃቸዋል። እርግማን አይደለም፣ ወደ ሰው አይጋባም። ፊቴን ያሳበጠው ክኒኑ ነው። የደበቅኩሽ ለእህቴ ለኢዲል ብዬ ነው። ሽማግሌ ሊላክላት ሲል «ደማቸው የተበላሸ ነው» ቢባልስ ብዬ ፈራሁ።

ሮብሌ የሊባንን ኮሌታ ያዘ። አጎቴ ዱላውን አነሳ። ልጮህ አፌን ስከፍት አፍንጫዬ ደማ። ጠብታ ነው ስል ሻሼን አራሰው፤ ፎጣ ቢያመጡም አልበቃም። አጎቴ «አንገቷን ወደ ኋላ አድርጉት!» ሲል ሊባን መሐላውን ጥሶ ጮኸ፦ «ኧረ ደሙ ያንቃታል! ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋት ሮብሌ! አፍንጫዋን ጭምቅ አድርገህ ያዝ፣ እኔ መኪና ላምጣ!» ሮብሌ ኮሌታውን ለቆ አፍንጫዬን ያዘ። አጎቴ መንገድ ላይ «ዋግምት ነው የሚያሽራት» ቢል፣ ሊባን መሪውን እንደያዘ «አጎቴ፣ ይህች ልጅ በምላጭ ከተነካች እንቀብራታለን» አለው።

ሆስፒታል ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ አጥብቃ ፈታችው። ከሥሩ ቀያይ ነጠብጣብ ፈልቶ ወጣ። ማንም ሳይመታኝ፣ ጨርቅ ብቻ ሲያጠብቀኝ! ሮብሌ በዓይኑ አየ። ዶክተሯ «የምፈራው አፍንጫዋን አይደለም፣ ጭንቅላቷ ውስጥ እንዳይደማ ነው» ስትል እጅጌውን ሰብስቦ «ደሜን ቅዱልኝ» አላት። ኋላ ወጥቶ የሊባንን ግንባር ሳመው። አጎቴ ጌዲማ «እኔ እኮ ዱላውን ያነሳሁት ለማስፈራራት ነው» እያለ ለነርሷ ሁሉ ይምላል።

ደሙ ቆሟል። በደም ስሬ የሰጡኝ መድኃኒት ፕላትሌቱን ከፍ አድርጎታል፤ ግን ሲወጣ ሲወርድ ይኖራል ብላኛለች ዶክተሯ። ክኒኑ እምቢ ካለ ጣፊያዬ ይወጣል። እፈራለሁ ሆዮ። ራሴን ሲያመኝ እንደ ሌላው ሰው አስፕሪን መዋጥ አልችልም፤ ዝም ብዬ ተኝቼ፣ ይሄ ተራ ራስ ምታት ነው ወይስ ያኛው እያልኩ አዳምጣለሁ። ሥጋ እንኳ ሊባን ነው የሚከትፍልኝ። ለኢዲልም ነገርኳት። «በአንቺ ደም የሚሸሽ ባል ድሮም ይሽሽ» አለችኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከቡርኦ ሲነሱ ለሮብሌ ያልሽውን ነገረኝ። «በር መታኝ ካለቻችሁ አትመኗት። መጀመሪያ በር ነው፣ ቀጥሎ ደረጃ ነው» አልሽው አሉ።

ሆዮ፣ እኔ ስለ በር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሮብሌ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። እኛም አንድ ጊዜ ልጆች ነበርን፤ ተኝተዋል ስትሉ ሁልጊዜ አንተኛም ነበር።

ከመኝታ ቤታችን ቀጥሎ ያለውን ክፍል ሊባን ቀለም ቀብቶታል። ሮብሌ ሲመለስ አብረሽው ነይ። የታመመች ልጇን ልታስታምም ሄደች ይባላል፤ ማን ምን ይላል? ልብስሽን ሁሉ ያዢ። እኔ በቶሎ የምድን አይደለሁም፣ አንቺም በቶሎ አትመለሽም።

አላህ ገላሽን ከክፉ እጅ ይጠብቅልኝ። ይህን ደብዳቤ ለአባቴ አታንብቢለት።

በኩር ልጅሽ