ለመጀመሪያው አድመኛ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን

ለባቡር ድርጅቱ ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
በያሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከእኔ ለሚበልጥ ሰው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ዳቦ ቤት ሰው ከበዛ «ተራዬ ነው» ማለት ስለሚያቅተኝ ባዶ ፌስታል ይዤ የምመለስ ልጅ ነኝ፤ እናቴም «ይቺ ልጅ አፏን ለማን አውሳው ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አያቴን አስታምማለሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፊደል ስሕተት ቢያገኙ የእኔ ነው፤ ሌላው ስሕተት ሁሉ የእርስዎ ነው።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ሳንባዎ ደኅና እንደሆናችሁ ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ።

በጣቢያው ግድግዳ ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ መጨረሻው ላይ «ማንኛውም ዜጋ አስተያየቱን በጨዋነት ማቅረብ ይችላል» ስለሚል፣ እኔም በጨዋነት ለማቅረብ ያህል ይህን ከማስታወቂያዎ ጎን እለጥፈዋለሁ። የምለጥፍበት ሙጫ ከዱቄት የተሠራ ነው፤ ዱቄት ከገበያ ስለጠፋ በስሱ ነው የምቀባው፤ እባክዎ ነፋስ ሳይወስደው ቶሎ ያንብቡት።

ማን እንደሆንን ባጭሩ ላስረዳ። የምንኖረው ከዕቃ ማራገፊያው አጥር ጀርባ ነው። አያቴ ከጎልማሳነታቸው እስከ ጡረታቸው ከፉርጎ ላይ ከሰል ሲያራግፉ የኖሩ የድርጅትዎ ሰው ናቸው፤ አሁን አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አድርገው ከብረት ሲሊንደር በሚወጣ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። ሲሊንደሩ ከሩቅ ፋብሪካ በባቡር ተጭኖ ወደ ሆስፒታሉ መጋዘን ይመጣል፣ ከመጋዘኑ ደግሞ የሆስፒታሉ አመላላሽ በጋሪ ቤታችን ድረስ ያደርስልናል። አባቴ የጭነት ባቡር ነጂ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያንን ፉርጎ የሚጎትተውም እሱ ነው። እንግዲህ ቤታችን ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው ማለት ይቻላል፤ የአንዱን ሳንባ ወስደዋል፣ የሌላውን እንቅልፍ እየወሰዱ ነው። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሕመምን ሥርዓት ስላስያዙልን አመሰግናለሁ። አምና ባወጡት መመሪያ መሠረት ባቡር ነጂ የሚታመም ከሆነ ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ሳያሳውቅ የታመመ ከሥራ እንደቀረ ይቆጠራል። ከዚህ መመሪያ በፊት በሽታ እንደ ሌባ በፈለገው ሰዓት ነበር የሚገባብን፤ አሁን ቢያንስ አስቀድሞ ማንኳኳት እንዳለበት ተነግሮታል። ያስቸገረን ትኩሳት ማንበብ አለመቻሉ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቀን አባቴ ከአልጋው ሲነሳ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር፤ እናቴ «ዛሬስ ቅር፣ በናትህ» ስትለው «የዛሬውን ሕመም አላስመዘገብኩትም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ልቅጠረው» ብሎ ቀልዶ፣ ፎጣ በአንገቱ ጠምጥሞ ሄደ። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና፣ ለእናቴ ሳይሆን ለአያቴ፣ «አባባ፣ ቀዩን መብራት አለፍኩት» አላቸው። «አላየሁትም። ከፊቴ ሌላ ባቡር አልነበረም» አለ አባቴ። አያቴም «ዛሬ አልነበረም» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ቀይ መብራት የሚያወራ የለም፤ ግን ባቡር በአጥራችን ጀርባ ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ሳንነጋገር ሥራችንን አቁመን እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

ሁለተኛ፣ በራዲዮ ላደረጉት ንግግር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሠራተኞቹ ደመወዝ ይጨመርልን አላሉም፤ ሲታመሙ መታመም እንዲፈቀድላቸው ነው የጠየቁት። መልስ ሲያጡ ነው ማኅበራቸው ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ ሥራ እናቆማለን ያለው። እርስዎ ግን በዚያ በረጋ ድምፅዎ «አድመኞቹ የሕሙማንን ትንፋሽ ሊቆርጡ ነው» ሲሉ ምሳ እየበላን እንሰማዎ ነበር። አያቴ «ስሜን ሳይጠሩ ስለ እኔ አወሩ፤ ክብር ነው» ብለው ሊስቁ ሲሉ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ አንስቶ ምግቡን ሲጨርስ አላየሁትም።

ንግግርዎ በተሰማ ማግስት ነጋዴው ሁሉ ያለውን ወደ ጓዳ አስገባ። ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ የዶሮ መኖ፣ ሁሉም «የለም» ሆነ። እናቴ የምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላውን በውሃ ብቻ ማለቅለቅ ጀምሯል። ባቡሩ ገና እየሄደ፣ አንድም ሠራተኛ ገና ሥራ ሳያቆም፣ ሐሙስ ከሐሙስ ቀድሞ ደረሰ።

ጎረቤታችን ዶሮ ያረባሉ፤ ሰፈሩም «የዶሮዋ እትዬ» ይላቸዋል። መኖ ሲጠፋ ዶሮዎቻቸው እርስ በርስ ላባቸውን መንቀል ጀመሩ። ባለፈው ዓርብ አንዲት ጀርባዋ የተላጠና የደማ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ገቡና ጠረጴዛችን ላይ አቆሟት፤ ለእናቴም «ይኸውልሽ የባልሽ ሥራ! እየተበላሉልኝ ነው!» አሏት። እናቴ «እትዬ፣ ባሌ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ መቼ አቆመና?» ብትላቸው «ታዲያ መኖዬ የት ገባ?» አሉ። አያቴ ከወንበራቸው ሆነው «እነሱም ማኅበር ቢኖራቸው እርስ በርስ አይበላሉም ነበር» ሲሏቸው እትዬ ሳይወዱ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱም የአያቴን ቱቦ አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ጋሼ፣ ሐሙስ ሲመጣ ለእርስዎስ ማን ያመጣልዎታል?» ብለው ጠየቁ። ዶሮዋን አንስተው ቀስ ብለው ወጡ።

እኔ ግን ያቺ «መኖዬ የት ገባ» የምትለው ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ። ባቡሩ ካልቆመ ዕቃው ለምን ቆመ?

ሦስተኛ፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ምንም እንኳ ሊሰጡኝ አስበው ባይሆንም። ቅዳሜ አመላላሹ ጋሪውን ባዶ እየገፋ መጣ። ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን እያዟዟረ፣ «ፉርጎ አልመጣም» አለ። እኔ እንደ ልማዴ መጠየቅ ስላልቻልኩ እናቴ ጠየቀችልኝ። እሱም እንዲህ አለ፦ «ድርጅቱ ከረቡዕ ጀምሮ አደገኛ ጭነት አልቀበልም ብሏል። አድማው ሲጀመር መሀል መንገድ ላይ ቆሞ እንዳይቀር ነው አሉ። ኦክስጅን ከአደገኛው ነው፤ የውሃ ማጣሪያው ክሎሪንም ከአደገኛው ነው።» እውነትም ከትናንት ጀምሮ የቧንቧችን ውሃ እንደ ረጋ ኩሬ ይሸታል፤ አፍልተን ነው የምንጠጣው።

ክቡርነትዎ፣ ኦክስጅን የተጫነ ፉርጎ ጠባቂ በሌለበት ፀሐይ ላይ ቆሞ መዋል እንደማይገባው እኔም ይገባኛል፤ ሲሊንደር አጠገብ ክብሪት እንዳይጫር የምቆጣጠር እኔ ነኝና። አባቴ ግን ባለፈው ረቡዕም ሐሙስም ዓርብም ባቡር ነድቷል። ሲሚንቶ ጎትቷል፣ የለስላሳ ሳጥን ጎትቷል፣ የአንድ ሆቴል ምንጣፍ ሳይቀር ጎትቷል። ነጂው ነበረ፣ ባቡሩ ነበረ፣ ሐዲዱ ነበረ፤ እንዲቀር የተደረገው የአያቴ ትንፋሽ ብቻ ነው። ለሆስፒታሉ አስቀድሞ ቢነገር የጭነት መኪና ይፈልግ ነበር፤ አልተነገረውም። እርስዎም በራዲዮ ቀርበው «እነሱ ሊያቆሙ ነው» አሉ እንጂ «እኔ አቁሜያለሁ» ሲሉ አልሰማንም። ነጋዴውም መኖውን የደበቀው ይህንኑ ቃልዎን ሰምቶ ነው።

ሥራ ማቆም አድማ ከተባለ፣ ከሁሉ ቀድሞ ያቆመው ማን ነው? እንኳን ደስ አለዎት። በዚህ ከተማ የመጀመሪያው አድመኛ እርስዎ ነዎት፤ ሠራተኞቹ ገና ሲሰበሰቡ እርስዎ ብቻዎን፣ ያለ ሰልፍና ያለ መፈክር ጀምረውታል። በትሕትና ለመጠየቅ ያህል ግን፣ ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቀዋል?

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ሆኖም የጀመሩትን መጨረስ ጨዋነት ነው።

ሠራተኞቹ ነገ ተሰብስበው ለመጨረሻ ጊዜ እጅ ያወጣሉ። ትናንት አባቴ ራት ላይ፣ ማንንም ሳያይ፣ «እኔ አድማው ይቅር ብዬ ነው እጄን የማወጣው» አለ። አያቴ ቱቦውን ከአፍንጫቸው አወረዱት። ብዙ መናገር ሲፈልጉ ያስቸግራቸዋል መሰለኝ።

«እጅህን ብታወጣ ፉርጎው ይጫናል?»

«ምን አውቃለሁ፣ አባባ። ምናልባት።»

«ታዲያ ለማን ብለህ ነው?»

«ለእርስዎ ነዋ! ለማን ይሆናል?»

አያቴ የተናገሩትን እንዳለ ልጻፈው፤ ቃል እንዳይጠፋብኝ ወዲያው ይዤዋለሁና። «የእኔን ትንፋሽ ለእነሱ መያዣ አታድርግላቸው። ዛሬ በእኔ ከያዙህ ነገ በልጅህ ይይዙሃል። ደግሞስ ያ ቀይ መብራት ሁለተኛ ሲያመልጥህ፣ ከፊትህ የመንገደኛ ባቡር ቢኖር፣ ለእሱ ማን እጅ ያወጣለታል?» ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ቱቦውን የመለስኩላቸው እኔ ነኝ፤ እጃቸው ቦታውን አላገኘውም። አባቴ ተነሥቶ ወጣና አጥሩን ይዞ ቆመ፤ እናቴ ሳህኑን ከድና አስቀመጠችለት።

አሁን ቤታችን ያለው አንድ ሲሊንደር ነው። የመለኪያው ቀስት ቀዩ መስመር ጫፍ ላይ ደርሷል። አመላላሹ «በጣም ጠበብ አድርጋችሁ ክፈቱት» ስላለን ጠበብ አድርገነዋል፤ ስለዚህ አያቴ ተቀምጠው ነው የሚያንቀላፉት፣ ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ አፋቸውን ከፍተው። ሆስፒታል ወስደናቸው ነበር፤ እዚያ ያለው ኦክስጅን እዚያው ለተኙት ሕፃናት እንኳ እንደማይበቃ ነግረው በትሕትና መለሱን። ጥፋቱን እነሱ ላይ አልጥልም።

ክቡርነትዎ ጊዜዎን ሠውተው እስከዚህ ድረስ ካነበቡልኝ ውለታዎ አለብኝ። ለአባቴ ትኩሳት መመሪያ፣ ለዶሮዋ እትዬ የተላጠች ዶሮ፣ ለሰፈሩ የሚሸት ውሃ፣ ለአያቴ ጠባብ ትንፋሽ ስላደሉን፣ ማንንም ሳያበላልጡ ለሁሉም ስላዳረሱ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ዕድሜዎንም የሚለካልዎ ቀስት አይኑርዎት።

አጎንብሼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በልማዴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
አክባሪዎ፣
የባቡር ነጂው ልጅ፣ የከሰል አራጋፊው የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦
ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ አዲሱን አባል እንዲያውቁት
ለዶሮዋ እትዬ፣ ስለ መኖው ለጠየቁት መልስ እንዲሆን
ለአባቴ፣ ነገ እጁን በእኛ ምክንያት እንዳያወጣ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ቢሮዎ ሲከፈት አያቴን በተሽከርካሪ ወንበር፣ ሲሊንደሩን በጉልበታቸው መካከል አድርጌ፣ ወደ እንግዳ መቀበያዎ ይዣቸው እመጣለሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ እሳቸው ያሉት «ሰው ፊት ከምወጣ ጢሜን ላጪኝ» ብቻ ነው፤ ላጭቻቸዋለሁ። ጸሐፊዎ ምን እንደምንፈልግ ብትጠይቀን መልስ የምሰጣት አይመስለኝም፤ እኔ አፍራለሁ፣ እሳቸውን ያፍናቸዋል። ስለዚህ አንጮህም፣ አንለምንም፣ መንገድም አንዘጋም። ከበርዎ አጠገብ ቁጭ ብለው ይተነፍሳሉ፣ እኔም እጃቸውን እይዛለሁ። ኦክስጅኑ ሲወጣ «ሽ» የሚል ቀጭን ድምፅ አለው፤ በር ቢዘጋም ይሰማል። መጀመሪያ ይረብሽዎታል፣ በኋላ ይለምዱታል። ድምፁ የሚቆምበት ጊዜ ሲደርስ ግን፣ እኛ ቤት ሆነን ብቻችንን ከምንሰማው፣ እርስዎም አብረውን ይስሙት ብዬ ነው።