የሸሚዟ ጀርባ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የአንድ ሱሪ እግር አሳጠርኩ። ሁለት ኮት ተኮስኩ። አውሮፕላን አለፈ፤ ቀና አላልኩም።

የልጄ እናት ከሞተች ወዲህ የማወራው ለዚህ ደብተር ነው። ጽሕፈቴ ጠማማ ነው። ስፌቴ ግን አይደለም።

ልጄ አምሽታ ገባች። ቦርሳዋን ወርውራ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ምነው ብዬ ስጨቀጭቃት፣ "ዛሬም ነጠረብኝ አባዬ።" አውሮፕላኑ ነው። ሲያርፍ እንደ ኳስ ይነጥርባታል። ጓደኞቿ ሁሉ ብቻቸውን በረዋል። እሷ እስከ ዛሬ አሰልጣኙን ጎኗ አስቀምጣ። እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ ብቻዋን እንድትበር ካልተፈቀደላት ከበረራ ትምህርቱ ትሰናበታለች።

ያ ሁሉ ብረት እንዴት ነው የሚነጥረው? ገርሞኝ እራቴን ረሳሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ወጥ ቤት ተቀምጣ ትለማመዳለች። የመጥረጊያ እንጨት በጉልበቶቿ መሃል፣ አንድ እጇ የድስት ክዳን ላይ።

"ክዳኑ ምንድነው?"

"ነዳጅ መስጫው።"

"እንጨቱን ስትስቢውስ?"

"አፍንጫው ይነሳል።"

አፍንጫም አለው ለካ!

"ስታርፊ የት ነው የምታዪው?"

"እፊቴ ያለውን መሬት።"

ያዝኳት! መርፌው ላይ ያፈጠጠ ሰው ስፌቱ ይጣመማል፤ ዐይን ወደፊት ነው አልኳት። ደረቴን ነፋሁ።

"አባዬ፣ አሰልጣኙ በየቀኑ የሚጮህብኝ ይህንኑ እኮ ነው! ማወቁ መች ቸገረኝ፤ ዐይኔ እምቢ አለኝ እንጂ።" ሳቀችብኝ።

ታዲያ ቀድማ አትነግረኝም?

እሑድ፣ የካቲት 9

ነጭ ሸሚዝ ሰፋሁላት። የገዛችው ትከሻዋን ይይዛታል፤ እጇን ስትዘረጋ አይቻለሁ። ጀርባውን ሰፋ፣ ከታች ረዘም አደረግኩት፣ ከሱሪዋ እንዳይወጣ። ጠርዙን በእጄ ቀመቀምኩት። ከእኔ እጅ የወጣ ልብስ ተተርትሮ አያውቅም። እናቷ ብትኖር "አንተ ግትር፣ በመኪና አትሰፋውም?" ትለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ አንዴ ሳይነጥር አረፈልኝ አለች። አንዴ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

"መጥቼ ልይሽ።"

"በጭራሽ! አንተ ካየኸኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው።

ዓርብ፣ የካቲት 14

የስፌት ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሄድኩ። የአውሮፕላን ሜዳው በር ጠባቂ "አባባ፣ ክንፍ ሊጥፉ ነው?" አለኝ። "መጀመሪያ ያንን የተቀደደ ሱሪህን ልጣፍልህ" አልኩት። ስቆ አጥሩ ሥር ጥላ ያለበት አቆመኝ።

ከአሰልጣኙ ጋር በረሩ። አረፉ፤ አልነጠረም። ሞተሩ እየሠራ አሰልጣኙ ወረደ። በሩን ዘግቶባት ሄደ። ምን ሆኑ? ተጣሉ እንዴ?

"ብቻዋን ሊለቃት ነው" አለኝ ጠባቂው።

አጥሩን ጨበጥኩ። ተነሣች። በላዬ አለፈች። የጎኗ ወንበር ባዶ... ዞራ ስትመጣ "ሩቁን እዪ! ሩቁን!" እያልኩ ነበር። ማን ሊሰማኝ? ጎማው መሬት ነካ...

አልነጠረም!

ከዚያ ጉድ መጣ። ገና እንደወረደች አሰልጣኙ ሸሚዟን ከኋላ ጎትቶ መቀስ አወጣ። እኔ የሰፋሁትን ሸሚዝ!

"አንተ! እጅህን ሰብስብ!" ጠባቂውን ገፍቼ ገባሁ።

"አባዬ?! መጣህ?"

"ልብስሽን ሲቀዱት ዝም ልበል?"

የነበረው ሁሉ ሳቀ። አሰልጣኙ መቀሱን ዝቅ አደረገ። "ይቅርታ አባቴ፣ ወጋችን ነው። ድሮ አሰልጣኝ የሚቀመጠው ከተማሪው ኋላ ነበር። በሞተሩ ጩኸት አይደማመጡም፤ ሸሚዙን እየጎተተ ነበር የሚያዘው። ብቻውን የበረ ግን ጎታች አያስፈልገውም። ስለዚህ እንቆርጠዋለን።"

ልጅ ሳለች መንገድ ስንሻገር ቀሚሷን ከኋላ ጨብጬ ነበር የምይዛት። እሷ ወደፊት፣ እኔ ወደኋላ...

"መቀስ እንዲህ አይያዝም። ወዲህ በል!" አልኩት።

እኔው ቆረጥኩት።

"አባዬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል።"

መቀሱ ደንዞ ነው አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ቁራጩን ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቀልኩት። ዛሬ አውሮፕላን ሲያልፍ መርፌዬን እንደያዝኩ ደጅ ወጣሁ። እሷ ትሆን? እስኪርቅ አየሁት።

ስመለስ ደንበኛዬ ቁራጩ ሥር ቆማለች። "እርስዎ ቤት ያልተቀመቀመ ጠርዝ? ኧረ ክሩ እየተተረተረ ነው!"

"ተይው" አልኳት። "ይተርተር።"